ብርድ ልብስ የለበሰ ጎመን

የኅዳር ቅዳሜ፣ ውርጩ ሳይለቅ ገና፣
ፌስታሌን አጥፌ ወረድኩ በጠባሴ ጎዳና።
ሁለት ኪሎ ጎመን፣ አንድ እስር ቀይ ሥር፣
ሳንቲም ከተረፈኝ ካሮት ልጨምር፤
ይኸው ነው ጉዳዬ። ሌላ የለኝም ነገር።

ቆሻሻ ነበረ ድሮ እዚህ የሚደፋው፣
አፍንጫውን ይዞ ነበር ሰው የሚያልፈው።
ዛሬ ቆርቆሮ በር፤ በቀይ ቀለም ጽሑፍ፦
«ግቡ። ውሻ የለም። ዝም ብሎ አይታለፍ።»

ገባሁ። ደርቄ ቀረሁ። ይህ ምን ዓይነት ማሳ ነው?
ጥቅል ጎመን ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛው?
ግራጫ፣ ቡናማ፣ ጠርዙ የተተለተለ፣
አንዱ ባለ መስመር፣ አንዱ በላዩ ነብር ያለ፤
በረድፍ ተኝቷል፣ ሆስፒታል ይመስላል፤
አንድ ሽማግሌ እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ይገልጣል።

ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት
ብርድ ልብስ ሲሸምኑ ኖረው በፋብሪካው ቤት፣
ጡረታ ሲወጡ የሰጧቸው ሽልማት
ይኸው ሰላጣ ያሞቃል በውድቅት።
«ቀስ» አሉኝ፣ «አትርገጥ። ገና አልነቃም ቅጠሉ።»
እኔም ድምፄን ቀነስኩ፣ ሕፃን የተኛ ይመስል እዚያ ሁሉ።

ሚዛኑ ጋ ወይንሸት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣
ጣቷ ከውርጩ ቀልቶ፣ በሹራብ እጅጌ ተቀባሪ።
የኪሎው ብረት ጠፍቷል፤ ድንጋይ ነው ከበሬሳ የመጣ፣
በወፍጮ ቤት ሚዛን ተፈትኖ የወጣ።
እንደ ልማዴ «ቀንሺ» አልኩ፣ «መርቂልኝም እንጂ።»
«ከማን ላይ ልቀንስ?» አለች፣ «ደመወዝ የለኝ እኔ ልጂቱ!
ይህ ብር ዘር ይሆናል፣ የውኃ ዕዳ ይከፍላል።
ከበዛብህ ግን ቀይ ሥሩን ራስህ ንቀል፤ ዋጋው ይወርዳል።»

ጎንበስ አልኩ። ጭቃው ነከሰኝ።
ሳብኩት፤ እንቢ አለ። ደግሜ ሳብኩ፤ በጀርባዬ ጣለኝ።
ሳቁ። ቀይ ሥሩ እጄ ላይ፤ ከጭራው ጋር ተቆላልፎ
አንድ የሕፃን ላስቲክ ጫማ፣ ሆዱ ውስጥ አፈር አቅፎ።
ወይንሸት ተቀብላኝ አጥሩ ላይ ሰካችው፤
ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ የአሻንጉሊት እጅ፣ እዚያ ብዙ ነው።
«ባለቤቱ ቢመጣስ» አለች።

ከፍዬ ልወጣ ስል፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ደብተር ይዘው፦
«ስምህ?» «ለምን?» «ስምህን ነው ያልኩህ።» ነገርኳቸው።
ጻፉ። ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው።
«የሐሙስ ሌሊት ያንተ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ከበዛ፣
አትተኛ። ና። እንሸፍናለን።»

ሁለት ኪሎ ጎመን ገዛሁ፤
አንድ ሌሊት መረቁኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ወጥቼ አየሁ። ደመና የለም፤
ኮከቡ እንደ ፈሰሰ ጤፍ፣ ለቅሞ የሚጨርሰው የለም።
ከአልጋችን ግርጌ ያለችውን፣ ያቺን አሮጌ፣ ጠቀለልኩ።
«ወዴት ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።
«ሰላጣ ላለብስ» አልኩ።

አላመነችኝም።
ኮቷን ደርባ ተከተለችኝ።