ላልቶ፣ ጠብቆ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከላውንደሪው በላይ፣
ዓርብ ከሰዓት ነው የኛ ፊደል ሲታይ።
ዘጠኝ ልጆች አሉኝ፣ ምንጣፍ ላይ የሚውሉ፣
"ጳጉሜ" በሉ ስል "ባጉሜ" የሚሉ።
ከንፈር አልለመደው፤ ሰፈሩ ዐረብ ነው፤
ኤሲው ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል ያው።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ደረሰኝ ቆራጭ ነኝ፤
ጠመኔ ብጨብጥ ማን አሠለጠነኝ?

ያሠለጠኑኝማ ስልኬ ውስጥ ነው ያሉት፣
ባንድ ባሕር ዙሪያ የተበታተኑት።
"ከሀ እስከ ፐ" ነው የቡድናችን ስም፤
አንድም ቀን ተያይተን፣ ተጨባብጠን አናውቅም።
ኢክራም ከመስካት ካርድ ሥላ ትልካለች፣
"ቀ"ን ከቀበሮ ጋር አጋብታ ሰድራለች።
ደርበው ሪያድ ነው፤ የጥንት አስተማሪ፣
የዛሬ መኪና ዘዋሪ፤
ቀይ መብራት ሲይዘው ምክር ይቀዳልኛል፣
አረንጓዴ ሲበራ ከመሐል ይቀራል።
ትርሲት ኩዌት ናት። ፎቶ አልለጠፈች፤
ሰው ሁሉ ሲተኛ ሌሊት ትመጣለች፤
በሹክሹክታ ነው ትምህርት የምትሰጥ፣
የማዳም በር ዝም ሲል፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ።

ባለፈው ያፌትን
"አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍልኝ" አልኩት።
ጻፈ። አየሁት።
አንድ ስሕተት የለውም፦
"አባቴ ገና ይመጣል።"
"በል አንብበው" ብለው፣ "የቱን?" አለኝ ልጁ፣
እርሳሱ በጥርሱ፣ ደብተሩ በእጁ።
እውነቱን ነው። ፊደል ማጥበቂያ የለውም፤
ቃሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት፤ ወረቀት አይለይም።
አባትየው መርከብ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት አለፈው።
ለቡድኑ ጻፍሁ፦ "ምን ልበለው?"

ኢክራም፦ "ከ'ና' በላይ ሁለት ነጥብ ይሥራ፣
ሲጠብቅ እንዲያውቀው፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ።"
ደርበው፦ "አስጨብጭቢው፤ ሲጠብቅ ሁለቴ፣ ሲላላ አንዴ፣ ከዚያ..."
መጣ አረንጓዴ።

ትርሲት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ገባች።
ከቃሏ በፊት ትንፋሿ ይሰማል፦
"ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው፤ ቀን አለው።
ላልቶ ሲነበብ ግን... ቀን የለውም፤ ተስፋ ነው።
ልጁን አታርሚው።
የትኛው እንደሆነ ቤቱ ነው የሚያውቀው።"

በሳምንቱ ያፌት ከሁሉ ቀድሞ መጣ፣
ጫማውን ሳያወልቅ፣ ላቡ ሳይወጣ፦
"መምህርት፣ ለእማዬ አሳየኋት" አለኝ።
"እሺ፣ የቱን አነበበች?"
"አላልታ።"

ይህንንም ጻፍሁ።
ከመስካት አንዲት የእንባ ምስል መጣች።
ደርበው ድምፅ ላከ፤ የሚሰማው ሞተር ብቻ ነው።
ሌሊት ከትርሲት ስም በታች
"እየጻፈች ነው" ይላል። ጠፋ።
ደግሞ መጣ። ጠፋ።
እስኪነጋ ጠበቅሁ፤
መጠበቅ የሚሉት ቃል ለካ አይላላም።

ይኸው ሦስተኛው ዓርብ።
ዛሬ ያፌት "ጳጉሜ" አለ፣ አጥርቶ፣
ከንፈሩን እንደ በር ገጥሞ፣ ድንገት ከፍቶ።
ቀድቼ ላክሁላቸው።
ከአራታችን አንዷ
ገና አልሰማችውም።