ሦስታችን ባንድ ጋቢ

ሐምሌ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማታ፣
በረዶው ጣሪያው ላይ እንደ ሽምብራ ሲቆላ፣
ከሰባ ደረጃ ሥር ያለው ትራንስፎርመር
"ቧ!" አለና ሰፈሩን ጨለማ በላ።

ስልኬ ሦስት ፐርሰንት፤ ሻማዬ ጥፍር የምታህል፤
ሽሮዬ ምድጃው ላይ ሳትበስል ቀረች።
መብራት ኃይል ደወልሁ፤ "ይጠብቁ" ተባልሁ፤
እየጠበቅሁ ሳለ ስልኬም ሞተች።

ሻምበል፣ ስሙ እንኳ የጦር፣ መብረቅ በሰማ ቁጥር
አልጋ ሥር ተወትፎ ይንቀጠቀጣል፤
ወለላ ቁምሳጥን ላይ ናት፤ ድመቷ አትታይም፣
ሁለት አረንጓዴ ዓይን ብቻ ይንሳፈፋል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ባንድ ቤት ሲኖሩ
እሷ በጥፍሯ፣ እሱ በጩኸቱ፣
ወሰን አስምረው፣ ኬላ አቁመው፣
እኔን ድንበር ላይ አስቀምጠው።

ሻማው አለቀ።
ብርዱ በሳንቃው ስንጥቅ ገብቶ እግሬን ሲልሰኝ
የሻምበል ምላስ መሰለኝ።
ጋቢዬን ገለጥሁ፤ "ና በል" አልሁት፤ ተጠጋኝ።
ከዚያ አንድ ቀላል ነገር፣ ኮቴ የሌለው፣
ከላይ ወርዶ በሆዴና በሆዱ መሀል ተጠቀለለ።
ማንም አላጉረመረመ።
ማንም ማንን አላየ።
እርጥብ ጠጉር ሸተተኝ። ሦስት ልብ ይመታል፦
አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዝግ፣ የኔው ዝብርቅርቅ፤
አስካለ ከሄደች ወዲህ
እንዲህ ሞቆኝ አያውቅ።

አምስት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ባንድ ድምፅ
"መጣ!" ብሎ ጮኸ።
አምፖሉ ፊታችን ላይ አፈጠጠ።
ሻምበል አያት፤ አየችው፤
ማንነታቸው ትዝ አላቸው።
ጋቢዬ ተተረተረ፤ ወለላ ቁምሳጥኗ ላይ፤
ሽሮዋም ካቆመችበት መንተክተክ ጀመረች።

እኔ ግን፣ ጎረቤቱ ሲያጨበጭብ፣
በዚያ ሁሉ ብርሃን፣ በዳበሳ፣
ማጥፊያውን ፈለግሁ።