ምላሽ አይሰጥም

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ላይ፣ ውርጭ ሣሩን ያነጣል፤
ከውሃ ክፍያ ቢሮ ደጅ ሰው ሳይነጋ ይመጣል፣
ጋቢ በጋቢ ደርቦ፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣
የቆጣሪውን ቁጥር በመዳፉ አፍኖ።
ከመስታወቱ ወዲያ እማዋይሽ አለች፤
የጓንቷን ጣት ቆርጣ ፊደል ትነካለች።
«ፈልግ» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ስትጫነው፣
መስኮቱ ድርቅ ይላል፤ ነጭ በድን ነው።
ክብ ነገር ይዞራል፣ ጭራውን ያሳድዳል፤
ከአናቱ «ምላሽ አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ይወርዳል።

ያን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም፤
ከጥጉ ወንበሬ ቀና ማለት አልወድም።
ሰዉ እማዋይሽን በዓይኑ ይወቅሳል፤
ስድቡ ግን መንገድ ያውቃል፤ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

ጥፋቴ ቀላል ነው፤ ሲነግሩት ያሳፍራል፦
ከመስኮቱ የቆመው ክር ሁሉን ይሠራል።
ቁልፍ የሚቀበል እሱ፣ ፊት የሚያሳይ እሱ፣
ምድር ቤት ሰርቨሩ ጋ ወርዶ መዝገብ የሚቆፍር ራሱ፤
እስኪመለስ ድረስ መስኮቱ ባዶ ቤት፣
ቢያንኳኩት ቢጠሩት አቤት የማይልበት።

ከጠባሴ የመጡ ጡረተኛው ጋሽ ላቀው፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር ነበር ሥራቸው፣
በመስታወቱ ቀዳዳ አጎንብሰው አዩና፣
ፈገግ አሉ፣ ጺማቸውን ዳበስ አድርገው እንደገና፦
«ደጅ ከፋቿ ራሷ ውሃ ልትቀዳ ከወረደች፣
እንግዳ ሲያንኳኳ የቷ ‹አቤት› ትላለች?»

እማዋይሽ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።
ያን ሌሊት መኝታ የሚባል አላየሁም።

ሰባት ክር ፈተልኩኝ፣ ከጀርባ አሰማራሁ፤
«ሂዱ፣ መዝገብ አምጡ» ብዬ በየፊናቸው መራሁ።
ጥሩ። መስኮቱ ፈታ አለ፣ ጠቋሚው ተንቀሳቀሰ፤
ሰባቱም ሲመለሱ ግን ያ ሁሉ ፈረሰ፦
እያንዳንዱ ቸኩሎ በገዛ እጁ ሊጽፍ፣
አንዱ ያሰፈረውን ሌላኛው ሲገፍፍ፣
የአንዱ ዕዳ በሌላው፣ የሌላው በሦስተኛ፤
ፕሮግራሙ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደኅና እደሩ ሳይል ለእኛ።

በማግስቱም መጡ፤ ጉዳያቸው አላለቀ፤
ሁሉን ነገርኳቸው፣ ጉሮሮዬ እንደደረቀ።
«መንዝ ውስጥ ባና ሲሠራ ሸላቹ ለብቻ፣
የሚያባዝተው ለብቻ፣ የሚፈትለው ለብቻ፤
ሁሉም ድውሩን ከቅርጫት ይጥላል እንደመጣበት፤
ከመወርወሪያው ግን ሁለት እጅ አይግባበት።»

ቅርጫት።

ቅርጫት ሠራሁ፤ ወረፋ፣ አንድ ቀጭን አፍ ያላት፣
ክሮቹ ውጤት ይዘው መጥተው የሚጥሉባት።
መስታወቱን እንዳይነኩ፣ ቀለም እንዳይደፉበት፤
የመስኮቱ ክር ብቻ፣ ፋታ ባገኘበት፣
አንድ አንዱን እያነሳ ፊደሉን ያሰፍራል፤
በመሃል ቢጣሩት «አቤት» ብሎ ይዞራል።

ተአምር አልሠራሁም፤ ፍለጋው ያው ያዘግማል፤
«አርባ ከመቶ ደረሰ» ሲል ግን ሰው ይስማማል።
መጠበቅ አልነበረም ያን ሁሉ ያስቆጣው፤
ዝም መባሉ ነበር ብርዱን ያመጣው።

ጋሽ ላቀው ከፍለው ሄዱ፣ መቶ አርባ ሁለት ብር፤
ለምክራቸው ግን ማንም ደረሰኝ አልቆረጠም ነበር።

ማታ አባቴ ደወለ፣ ከሞላሌ፣ ስለ ላሚቱ፣
ስለ አጥሩ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ወገቡ ቁርጥማቱ፤
ዓይኔ ስክሪን ላይ ቀርቶ፣ ልቤ ምድር ቤት ወርዶ፣
«እህ» እንኳ ሳልለው፣ አንደበቴ በርዶ፣
«ሄሎ?» አለ። «ሄሎ?» አለ። «ኧረ ልጄ፣ አለህ ወይ?»
ነጭ ሆኜ ተቀምጬ፣ ያ ክብ ብቻ በዓይኔ ላይ።

«አቤት፣ አባ» ስለው፣
ሂሳቡ አልቆበት ነበር።