የሽንኩርቱ ካፒቴን

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከለገሃር ጀርባ፣
በጠባቧ ክፍል ሃያ ልጅ ሲገባ፣
ወንበሩ ዐሥር ነው፤ የቀረው ምንጣፍ ላይ
ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል ሊያይ።

“ካፒቴን መጣልን!” ይሉኛል በጩኸት፤
ካፒቴን አይደለሁም፤ ልናገር በእውነት፤
ዐሥራ ስድስት ዓመት መርከብ ላይ ስከርም፣
ሽንኩርት ነው የላጥኩት፤ መሪ አልጨበጥኩም።
ማዕበሉን ያየሁት፣ የድስት ክዳን በምታህል
ክብ መስኮት አጮልቄ፣ ዓይኔ በእንባ ሲቃጠል፤
እንባው የሽንኩርት ነው፣ የፍርሃት አይደለም፣
ብዬ ነበር ያኔም። ያመነኝ ግን የለም።
ልጅ ይህን አይሰማም፤ ለልጅ፣ ባሕር ያየ
ሁሉ ካፒቴን ነው፤ ማዕረግ መች ለየ።

መደርደሪያው ላይ ያለው የባሕር ተረት
ሥዕሉ ያምራል፤ ቋንቋው ግን የባዕድ ቤት፤
ዓሣው ሰማያዊ፣ አሸዋው ወርቃማ፣
ልጆቹ ገለጡት፤ ማንም ቃል አልሰማ።
እኔም ደብተር ገዛሁ፤ በደከመ እጄ
የባሕር ኤሊ ጻፍኩ፣ ካማርኛ አላምጄ።
ስሟን አረጋሽ አልኳት፤ ለኤሊ ይሆናል፣
መቶ ዓመት የኖረ ሌላ ምን ይባላል?

ከይራት ግን ትፈራለች። ያምናው ክረምት
ባንተይቀጡ ሞልቶ በሌሊት መጣባት፤
ምድጃውን ወሰደ፣ የወንድሟን ጫማ፣
ግድግዳው ላይ እስካሁን መስመር አለ፣ ጭቃማ።
ተረቱ “ውሃ” ሲል ጆሮዋን ትይዛለች፤
“ያ ውሃ ነው?” ብላ ቀስ ብላ ትጠይቃለች።
እኔም የባሕር ትምህርት በሳፋ ጀመርኩላት፤
“ፊትሽን ንከሪ፤ እፍ በይበት” አልኳት፤
አረፋው ሲወጣ ቁጠሪ። አንድ። ሁለት።
ሁለት ላይ ወጣች፤ ፊቷን ጠራርጋ፣
ተመልሳ ቆመች፣ እዚያው፣ በሩ ጋ።

ዛሬ የማነበው መጨረሻውን ነው፤ ያሳዝናል፦
አንድ ልጅ ስታዲየም ዳር ፌስታል ይጥላል፣
ፌስታሉ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ ይወስደዋል፤
ባሕር ሲደርስ ተነፍቶ ያብረቀርቃል፤
አረጋሽም ምግቧ መስሏት ትውጠዋለች፤
ከዚያ . . .

አብዲሳ እጁን አወጣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
ሁለት ጥርስ ጎድሎታል፤ ጥያቄው ግን ሙሉ ነው፦
“ባንተይቀጡ አቃቂ፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል፤
አዋሽ ግን ባሕር አይደርስ፣ አፋር ላይ ይቀራል።
ቲቸር በካርታ ላይ በጣቷ አሳየችን፤
ታዲያ አረጋሽ በየት አገኘችው የኛን?”

ዝም አልኩ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ፣
ወንዜ የት እንደሚሞት አላውቅም እስከ ዛሬ።
አባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤
የኛው ባንተይቀጡ ፌስታል ይዞ ይሄዳል፤
የሚያራግፍበት ባሕር የለውም፤ አሸዋ መሃል
የያዘውን ሁሉ ታቅፎ ይተኛል።
ግመል ይበላዋል፤ ፍየል ይበላዋል፤
የኛው፣ የራሳችን።

ደብተሩን ገልጬ እርሳስ ሰጠኋቸው፤
“እናንተ ጨርሱት” ብዬ ለቀቅኩላቸው።
አንዱ በጅቡቲ ባቡር ኤሊዋን አመጣ፣
ለገሃር አወረዳት፤ ሻይ ቁጭ ብላ ልትጠጣ።
አንዷ ድልድዩ ሥር መረብ ዘረጋች፤
“ግመሎቹም ይዳኑ፣ ፌስታል ሳይበሉ” አለች።
አብዲሳ ካርታ ሳለ፤ ወንዙ ሲያልቅ፣ ጫፉ ላይ፣
“እዚህስ ማን አለ?” ብሎ ጻፈ ከላይ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወንበር ስደረድር፣
ቡልቅ ቡልቅ ሲል ሰማሁ፣ ከበሩ ሥር።
ከይራት ናት፤ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ብቻዋን፣
እስከ ጆሮዋ ድረስ ነክራለች ፊቷን።
ቆጠርኩ፤ አራት። አምስት። ስድስት።
ቀና አለች፤ ከሽፋሽፍቷ ውሃ ይንጠባጠባል፤
ከንፈሯን ላሰችው።

“ጨው የለውም” አለች፣ እንደተታለለ ሰው።

“ገና ነው” አልኳት።