ማታ፣ ሁለት ሰዓት

በካርቦን ወረቀት ጣቶቼ ሰማያዊ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ አየር መሸጥ፤
አየር ስል ነፋስ አይምሰላችሁ፣
ሰላሳ ሰከንድ ነው፣ ከዜና በፊት የሚቀመጥ።

ሀመሶ ሶፋ እንለዋለን፣ አቶቴ ነው ሱቁ፤
ቦታ የሚይዘው በራችን ላይ ቆሞ ነው፣ ጭቃውን አራግፎ፣
«ዘርፌ፣ ያቺን የኔን ለሰው እንዳትሰጫት!» ብሎ፣
ሂሳቡን በሁለት ዙር ያመጣል፣ ወሩ ካለፈ አልፎ።
ደብተሬ ያውቀዋል፤ ያውቀዋል ማኅተሜ።

ዘንድሮ ሲስተም መጣ።
ሁለት ልጆች ከአዲስ አበባ በውሎ አበል መጡ፣
ሦስት ቀን አሠለጠኑን፣ ዓሣ በልተው ወጡ።
«ደንበኛው ራሱ ያዛል ከንግዲህ፣ ከስልኩ፣ ከቤቱ፤
አንቺ ‹አጽድቅ› የሚለውን መንካት ነው፤ ቀረ እንግልቱ።»

አየሁት ምሽቱን ሰንጠረዥ ላይ ተቆራርጦ፦
አረንጓዴው ክፍት፣ ቢጫው የተያዘ፣ ቀዩ የተሸጠ፤
እኔ ተኝቼ ሳለሁ የሆነ የሳሙና ድርጅት
አርባ ቦታ ገዝቶ አደረ፣ ፊቱን ሳላይ፣ ዋጋ ሳይቀንስ፣ ሳይቆጣ።
እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።
ማንም «ነገ» ሳይለኝ ብር ገብቶ ማየት
የለመድኩት ነገር አልነበረም።

ሀመሶ ግን አልገባ አለው። «ስምዎ አልተገኘም» ይለዋል።
ልጁ ሞከረለት፣ የልጁ ጓደኛ ሞከረ።
ኋላ ሳይ ጥፋቱ የኔው ነበረ፦
ንግድ ፈቃዱ በሀሌታው ሀ፤
እኔ ሳስገባው በመስኮቱ ሐይቁ ይታየኝ ነበርና
ሳላስበው በሐመሩ ሐ ጻፍኩት።
ለእኛ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ሰው፤
አንዱ ሀመሶ ሶፋ አለው፣
አንዱ ሐመሶ የይለፍ ቃል ብቻ አለው።

አዲስ መዝገብ ከፈትኩለት። የዚያን ዕለት አዘዘ፣
«ማታ፣ ሁለት ሰዓት» ብሎ ሁለትን ነክቶ ያዘ።
ሲስተሙ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤
የኛ ጀንበር ብትወጣ፣ ብትገባ፣ እሱ ምን ገዶት!
እኔም አጸደቅኩ። ዓይኔ ሁለትን አየ፣
ልቤ «ማታ» ብሎ ሞላበት።

ጎረቤት ጠርቶ፣ ቆሎ አቅርቦ ጠበቀ።
ሳሙናው መጣ። ደግሞ ሳሙናው። ዜና ተጀመረ።
ሶፋው የወጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣
ባጃጅ ሁሉ ገብቶ፣ ከተማው ከተኛ ወዲያ፣
አባ ኮዳዎቹ ሾላው ላይ አንገታቸውን ቀብረው፣
«ምቾት በሀመሶ ነው!» አለ ቴሌቪዥኑ
ለጥበቃችን ለማዴቦ፤ እሱም እያንጎላጀ ነበር።

ጠዋት ደረሰ፣ ሳይቀመጥ፦ «ደብተሩን አምጪ» አለ።
«ደብተር ቀርቷል።»
«እሱ ሰዓት ያውቅ ነበር።»

ምን እላለሁ? ገንዘቡን እንመልስ ብዬ ስፈርም
ከሰዓት ደወለ፦ አንድ የዳቦ ቤት ልጅ መጥቶ ነበር፣ ቅንድቡ ዱቄት፤
ሌሊት ያየውን ሶፋ ዋጋ ጠየቀ፣
ተቀመጠበት፣ ዓይኑን ከደነ ትንሽ፣
አመስግኖ ሄደ። አልገዛም።
ሀመሶ ይህን ሲነግረኝ ግን ድምፁ አልከፋውም።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሰዓት አለ፤
አንዱ የሲስተሙ፣ አንዱ የሀገሩ።

ያልተሸጠ ቦታ ላይ የምናወጣው ሐይቁን ነው፤
ዱሮ የተቀረጸ፣ አንድ ጀልባ፣ ቀዛፊው ጀርባውን የሰጠ፣
ድምፅ የሌለው።
ሲስተሙ «መሙያ» ይለዋል፤ ዋጋው ዜሮ ነው።
ሳሙናው ከመጣ ወዲህ ግን ክፍት ቦታ ጠፋ፣
ሐይቁን ካየሁት ሰነበተ።

እናም አንዳንድ ቀን፣ አለቃዬ ሲወጣ፣
ከዜና በፊት ካሉት አንዷን አረንጓዴ ቢጫ አደርጋለሁ።
ገዢው ማነው ሲለኝ
በሐመሩ ሐ እጽፋለሁ፦ ሐመሶ።
ያ ሶፋ የሌለው ሰው፤ እስካሁን አልሰረዝኩትም።
አይከፍልም፣ አይመጣም፣ አይደውልም፤
ሰዓቱ ሲደርስ ሲስተሙ ቦታውን ይለቀዋል፣
ለሰላሳ ሰከንድ
ጀልባዋ ትወጣለች።