መዝጊያው ላይ

አስራ አምስት ኩንታል ማሽላ ጎደለ።
ኮምፒውተሩ "አለ" አለ፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን የለ።
ሙሄ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤
"ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ" አለኝ፣ "ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ነበረ።"
ሌላ ምንም አልጨመረ።

ኮዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።
ለማንም አልተናገርሁም፤ ሌብነቱ ግን የእኔ መሰለኝ።

ሦስት ሌሊት ፈለግሁ፣ ኮምቦልቻ በሙቀቷ ተኝታ፣
ከሐረጎ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ሲያቃስት ማታ ማታ።
መስመር በመስመር ጠየቅሁ፦ ከፈትህ? ከፈትሁ። ጻፍህ? ጻፍሁ።
ደግሜ አስነሳሁት፤ "ተመዝግቧል" አለኝ፤ ደግሜ ተሸነፍሁ።
ቀን ስሞክረው ደህና ነው፣ አንዲት ፊደል አትጠፋ፤
እኔ ስመጣ የሚሸሽ በሽታ፣ ስሄድ የሚከፋ።

በአራተኛው ሌሊት ዘበኛው ይመኑ ሻይ ይዞልኝ መጣ፤
ቆሞ ያወራኛል፣ ወሬ ከወሬ እያመጣ፦
"ካሜራው ዲስኩን ሌሊት ይሞላዋል፤ ጧት እኔ እጠርጋለሁ።"
ሻዩ ቀዘቀዘ።
ቦርከና ሲሞላ እንዲህ ነው፤ ውሃውን ሳላይ ድምፁን ሰማሁ።

ጻፍሁ ማለት ለካ አልጻፍሁም ነው፤ ቋት ውስጥ አኖርሁ ነው፤
ጆንያውን ደጃፍ አራግፎ፣ "አስገባሁ" እንደማለት ነው።
እውነቱ የሚታወቀው ፋይሉ ሲዘጋ ነው።
ሲዘጋ ተናግሯል ምስኪን፣ "ቦታ የለም" ብሎ መልሷል፤
እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በእርሱ አፍ ጽፌያለሁ፦ "ተመዝግቧል።"
ከጎህ በፊት ወደ ባቲ የተጫነው፣ የአስራ አምስቱ ኩንታል ምዝገባ፣
ደጃፍ ላይ ቀረ እንጂ፣ ፋይሉ ውስጥ አልገባ።

"አብሽር" ማለት ያገሬ ልማድ ነው፣ ለታመመ፣ ለከሰረ፤
እኔ ለማሽን ያስተማርሁት አብሽር ግን፣ ቁስሉን ዞሮ ሳያይ ነበረ።

ሁለት መስመር ጨመርሁ፣ የመዝጊያውን መልስ የሚሰማ።
ለአለቃው ደብዳቤ ጻፍሁ፦ ጥፋቱ የኮዱ ነው፣ ኮዱ የእኔ።
ይቺን ቤት ለመምታት አልሞከርሁም።

ሙሄ ቁልፉን መልሶ ታጠቀ። ዲስኩን ሆን ብዬ ሞላሁት፣ እያየ።
ስክሪኑ ቀላ፦
"አልተጻፈም። ቦታ የለም።"
ሙሄ ዝቅ ብሎ አነበበ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ከዚያ እንደ ደከመ በሬ ትከሻ ስክሪኑን ቸብ ቸብ አደረገና፣
"አብሽር" አለው።