ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ሁለት

ከጸሎት ቤቱ ስር፣ ድንች ባኖሩበት፣
ኦድቫር ሽቦ ስቦ ሬዲዮ ሠራበት።
ማይኩ የልጁ ነው፣ ማጉያው የውሰት፤
ግድግዳው የለበሰው የእንቁላል ካርቶን ነው፣
የውጭ ድምፅ እንዳይገባበት።

በነሱ ሰማንያ አራት፣ በኅዳር ጨለማ፣
ስቱርቪክ መንደር ተቀምጣ ልትሰማ፣
ያ ሁሉ ስብከቱ፣ ወር ሙሉ ያጠናው፣
ቀይ መብራት ሲበራ በኖ ጠፋበትና፣
"ይሰማል?" አለ እንጂ፣ ሌላ ቃል አልወጣው።

ቶርሌይፍ በጀልባው የአየር ትንበያ ሲፈልግ
አገኘው በድንገት። ምን ይበል? ምን ያድርግ?
ጥሩምባውን ነፋ፣ ሁለቴ፣ ረጅም።
ከዚያ ሌሊት ወዲህ መንደሩ ሬዲዮ አልዘጋም።

ቦርግሂልድ መጣች፣ የፖስታ ቤቷ ሴት፤
የታመመ ሰው ስም አንብባ ለጸሎት፣
በመዝሙሩ መሃል የሄሪንግ ዓሣ ዋጋ ሹክ ትል ነበር፤
"ዓሣም የጌታ ነው" ስትል ማን ይከራከር!

ጠቡ የመጣው በቢንጎ ነው።
ሌሎች ጣቢያዎች ሁሉ በሱ ነው የሚኖሩ።
የመብራት ዕዳችን ሦስት ወር አልፎት፣
ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲማከሩ፣
"ቁማር ነው" ስድስቱ፣ "መብራት ነው" አምስቱ።
ስድስቱ አሸነፉ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ዋፍል እየጋገሩ ሸጡ፤
አምስቱ ኩርፈኞች፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣
ገዝተው በሉ።

እኔ የደረስኩት ከዚህ ሁሉ ኋላ ነው።
ከዓሣ ፋብሪካው ማታ ጓንቴን ሳወልቅ፣
ኦድቫር በር ላይ ቆሞ፣ "ሐሙስ ግማሽ ሰዓት
ባዶ ነው" አለና ቁልፍ ሰጠኝ፣ ሌላ ሳይጠይቅ።
በአማርኛ ሰበክሁ። አድማጬ ስንት ነው? አራት።
ሦስቱ ከፋብሪካው፤ አራተኛዋ ግን
ቦርግሂልድ ነበረች፣ ቃሉ ባይገባትም፤
"አሜኑ ላይ እደርሳለሁ" ትላለች፣ "እዚያ ጋ አልቀርም።"

ዘንድሮ ፈቃዱ ሲያልቅ አላደስነውም።
ኦድቫር አርፏል። ምሰሶውን ዝገት በልቶታል።
ካሴቶቹን ቆጥሬ የድንች ሣጥን ሞላሁ፤
የመጀመሪያውን ግን ቁጭ ብዬ ሰማሁ።
ትንፋሽ። የወንበር ሲጥሲጥታ።
"ይሰማል?"
ከዚያ ዝምታ፣ ሆድ የሚያባባ ዝምታ፤
ከዚያ፣ ካርቶኑን ጥሶ፣ ከውኃው ላይ ገባ፣
ሁለቴ፣ ረጅም፣ የቶርሌይፍ ጥሩምባ።